ወደ ሱሉልታ የሚወስድ ሊንክ

ሱሉልታን ከባሕር ማዶ ሆኖ በጎግል የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ሩጫ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ላይ የተዘረጋው ይህ ሜዳ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ፣ መሬቱ ሣር ነው፤ ማለዳ ሯጭ አይታጣበትም። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ያሠራው እዚህ ነው፤ ያያ ቪሌጅ የተባለው የአትሌቶች ማረፊያና ማሠልጠኛ የቆመውም እዚሁ ነው። ሞ ፋራህ ለልምምድ መጥቶበታል። እንደ እሱ ስማቸው ያልገነነ ብዙ የውጭ አገር ሯጮችም መጥተዋል፤ አገራቸው ሲመለሱ የሮጡበትን ጫካ፣ የበሉትን ምግብ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ እንዴት እንዳጠራቸው ጽፈዋል። በጽሑፋቸው መሀል የማረፊያው ስም ሲመጣ ደግሞ ስሙን ሊንክ አድርገውታል።

እኔን የሚማርከኝ ያ ሊንክ ነው። ጸሐፊው አንባቢው «ይህ ቦታ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅባትን ነጥብ ገምቶ፣ መልሱን ልክ እዚያችው ላይ አስቀምጦለታል። አንባቢው ስሙን ሲነካ ሱሉልታ ይደርሳል። ጎግልም በበኩሉ ያንኑ ሊንክ ተከትሎ ይመጣና አንድ ነገር ይመዘግባል፦ ስለ ሩጫ የሚጽፍ ገጽ ወደዚህ ጠቁሟል። ድረ ገጹ ስለ ራሱ የፈለገውን ያህል ቢያወራ ይህችን አንዲት መዝገብ አያገኛትም። ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይገባል።

ያያ ቪሌጅን ከኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጋር ያቋቋሙት አቶ ጆሴፍ ክቡር ቀድሞ ሯጭ ነበሩ፤ ካናዳ ሳሉ ደግሞ ቫንኩቨር ውስጥ ኔትኔሽን የተባለውን የድረ ገጽ ማስተናገጃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ናቸው። ድረ ገጽ የሚያድርበትን ቤት ሲያከራዩ የኖሩ ሰው ሯጭ የሚያድርበትን ቤት ሱሉልታ ላይ መሥራታቸውን ሳስብ ደስ ይለኛል። ሁለቱም ሥራ የሚያድገው የመጣው እንግዳ ሌላውን ሲልክ ነው።

ጥሩ ሊንክ የእጅ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ቃሉ ይመረጣል፣ ቦታው ይመረጣል፣ የሚያደርሰው ገጽ ተከፍቶ ይነበባል። ሥራው የሚታየው ደግሞ ጠጋ ብለው ሲያዩት ነው።

እንበል፣ ቡራዩ ውስጥ ጥሩ የእንጨት ሥራ ቤት አለ፤ ድረ ገጽም አለው። አንዲት አርክቴክት ስለ ሠራችው ቤት ስትጽፍ በሩን የሠሩላትን አናጺዎች ልትጠቅስ ፈለገች። «በሩ የተሠራው ቡራዩ ነው፤ ለተጨማሪ መረጃ እዚህ ይጫኑ» ብላ «እዚህ ይጫኑ» የሚለውን ሊንክ ልታደርገው ትችላለች። ሊንኩ ይሠራል፤ ነገር ግን ድዳ ነው። ዓይኑን እያሮጠ የሚያነብ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሊንኩ ራሱ አይነግረውም። ስክሪን በድምፅ በሚያነብለት ፕሮግራም የሚጠቀም ዓይነ ስውር አንባቢማ ገጹ ላይ ያሉትን ሊንኮች ዘርዝርልኝ ሲለው «እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ» እያለ ይጠራለታል። የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ባለባት በሰበታ አጠገብ እየኖርን ይህን መዘንጋት አይገባንም።

ያቺው አርክቴክት እንዲህ ብትጽፍስ? «የመግቢያውን በር ያለ ሚስማር የተገጠመ የዋንዛ በር ከሚሠሩ የቡራዩ አናጺዎች አገኘሁት።» ሊንኩም «ያለ ሚስማር የተገጠመ የዋንዛ በር» በሚሉት ቃላት ላይ ይረፍ። አሁን ሊንኩ ይናገራል። አንባቢው ከመንካቱ በፊት ምን እንደሚያገኝ ያውቃል፤ ሲደርስም የሚጠብቀውን ያገኛል። የፍለጋ ሞተሩም የተነገረውን ይሰማል። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ጎግልን ለዓለም ባስተዋወቁበት ጽሑፍ ላይ እንደገለጹት፣ የሊንኩን ቃላት የሚያያይዙት ሊንኩ ካለበት ገጽ ጋር ብቻ ሳይሆን ሊንኩ ከሚያመለክተውም ገጽ ጋር ነው። ሐሳቡን ቀድሞ የሞከረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራው ወርልድ ዋይድ ዌብ ወርም የተባለው የፍለጋ ሞተር ነበር፤ እነሱም ይህን አልደበቁም። ስለዚህ የቡራዩው ሥራ ቤት በራሱ ገጽ ላይ «ዋንዛ» የምትል ቃል ባይጽፍ፣ ፎቶ ብቻ ቢደረድር እንኳ፣ ሌላ ሰው የመረጠለት ቃል ስም ይሆነዋል።

ይህ ነገር ለእኛ አገር የተለየ ክብደት አለው። ብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ማስታወቂያ የሚያወጡት ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ፎቶ አንሥተው ነው። የጨረታው ቀን፣ የክፍት ቦታው ዝርዝር፣ የመንገድ መዘጋቱ ሁሉ ፎቶው ውስጥ ነው። ፎቶ ውስጥ ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ተፈልጎ ለመገኘት እጅግ ይቸግራል። ያንን ደብዳቤ በስሙ ጠርቶ፣ «የሰበታ የመንገድ ጥገና ጨረታ» ብሎ ሊንክ ያደረገ አንድ ጋዜጠኛ፣ ለደብዳቤው ባለቤቱ ያልሰጠውን መገኛ ሰጠው ማለት ነው።

በአማርኛ ሊንክ መሥራት የራሱ ጥበብ አለው፤ ይህን ጥበብ የሚያውቁት በአማርኛ ዊኪፔዲያ ላይ በነጻ የሚደክሙት ሰዎች ናቸው። ዊኪፔዲያ ላይ አንድን ቃል ሊንክ ለማድረግ በሁለት በሁለት ቅንፍ ይከበባል። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው «ሰበታ» የሚለውን ስም ከብቦ ያልፋል፤ ስሙ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ለብቻው ቆሞ ያገኘዋልና። የእኛ ስም ግን ብቻውን አይቆምም። «በሰበታ»፣ «ከሰበታ»፣ «የሰበታ»፣ «ሰበታን»፣ «ሰበታም» ይላል። የአማርኛው ጸሐፊ «በ»ን ቅንፉ ውስጥ ካስገባት ሊንኩ «በሰበታ» የሚል ገጽ ይፈልጋል፤ እንዲህ የሚባል ገጽ ደግሞ የለም። ውጭ ከተዋት ቃሉ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል፤ ለአማርኛ ዓይን የተሰበረ ይመስላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የመጨረሻው ፊደል ራሱ ሲለወጥ ነው። «ግድብ» ብሎ የተጻፈው «ግድቡ» ሲሆን ብ ቡ ሆናለች፤ ቅንፍ የሚዘጋበት ቦታ የለም። ያኔ ጸሐፊው ሁለቱንም መጻፍ አለበት፦ በቀጭን ቀጥ ያለ መስመር አማካይነት ከግራ የገጹን ስም «ግድብ»፣ ከቀኝ አንባቢ የሚያየውን «ግድቡ»። አንባቢው ይህን ልፋት አያየውም፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳይደናቀፍ ይፈስሳል።

ከሁሉ የሚያስደንቁኝ ግን ይህንንም የማያስፈልግ የሚያደርጉት ናቸው። «በሰበታ» ከማለት «ሰበታ ውስጥ»፣ «በሱሉልታ» ከማለት «ሱሉልታ ላይ» ይላሉ። ስሙ ራቁቱን ይቆማል፣ ቅንፉ ልክ ይገባል፣ ሰማያዊው ቀለም ሙሉ ቃል ላይ ያርፋል፤ አማርኛውም አልተጣመመም። ለሊንክ ሲሉ ዓረፍተ ነገር የሚያበላሹ ብዙዎች ናቸው። ሊንኩም ዓረፍተ ነገሩም እንዲያምር አድርጎ የሚያዋቅር ሰው ግን ሁለት ሥራ በአንድ እጅ ሠርቷል።

ከቃሉ ሥር ያለውን አድራሻም ማየት ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አንድ ፊደል በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ ሦስት ባይት ይፈጃል፤ የድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት የላቲን ፊደሎች ወይም አሃዞች ይጻፋል። ስለዚህ አንዷ «ሰ» ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች። «ሰበታ» 27፣ «ሱሉልታ» 36። ብራውዘሩ ላይ በፊደላችን ያምራል፤ አድራሻውን ገልብጠው ለሰው ሲልኩት ግን የፐርሰንት ሰልፍ ይሆናል፣ ተቀባዩም አጭበርባሪ የላከው መስሎት ሳይነካው ያልፈዋል። አዋቂ ሠሪ ስለዚህ አድራሻውን በላቲን ፊደል አጭር አድርጎ ያበጀዋል፤ አማርኛውን ሰው በሚያነበው ቃል ላይ ያስቀምጠዋል።

ስሞቹም ብዙ ዓይነት አጻጻፍ አላቸው። ሰበታ አጠገብ ያለችውን ዓለም ገናን ውሰዷት። በዐይኑ «ዓ» የሚጽፋት አለ፣ በአልፋው «አ» የሚጽፋት አለ፣ ሁለቱን ቃል የሚለያይ አለ፣ የሚያጣብቅ አለ፤ በአማርኛ ብቻ አራት ዓለም ገና ሆነች። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ደግሞ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም የአፋን ኦሮሞው አጻጻፍ አንድ፣ በእንግሊዝኛ ካርታ ላይ የሚታየው ሌላ ነው። አንዱ ጸሐፊ በዚህ ስም፣ ሌላው በዚያ ሲጠቁም፣ ለአንድ ከተማ የተሰጠው ምስክርነት በየአጻጻፉ ይበታተናል። መፍትሔው ትንሽና የማይታይ ሥራ ነው፦ ዊኪፔዲያ ላይ እንደሚደረገው፣ በሌሎቹ አጻጻፎች የመጣውን ሁሉ ወደ አንዱ ገጽ የሚመልስ የማዞሪያ ገጽ ማበጀት። እያንዳንዱ የማዞሪያ ገጽ አንድ መስመር ብቻ ነው። በትዕግሥት የሠራው ሰው ግን ለአራት መንደር የተከፋፈለውን ስም ወደ አንድ ሰብስቧል።

ሊንክ አንድ ገጽ በፍለጋ ውጤት ላይ ለሚያገኘው ደረጃ ያለውን ዋጋ ለመረዳት ፔጅና ብሪን ገጾችን የመዘኑበትን ቀመር ጠጋ ብሎ ማየት ያስደስታል፤ እኔ በኮምፒውተር ዘመን ከተሠሩ ውብ ሥራዎች አንዱ ነው እላለሁ። አንድ ገጽ ወደየት እንደሚጠቁም ማወቅ ቀላል ነው፤ ገጹን ከፍቶ ማየት ነው። ማን ወደ እሱ እንደሚጠቁም ለማወቅ ግን የሌሎቹን ገጾች ሁሉ ማንበብ ያስፈልጋል። ሁለቱ የስታንፎርድ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባክረብ ብለው የጀመሩት ሥራ ይህ ነበር። ለሳይንስ ጽሑፎች ዩጂን ጋርፊልድ ቀድሞ ሠርቶታል፤ የትኛው ጽሑፍ በማን እንደተጠቀሰ የሚያሳየው የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫው እ.ኤ.አ. በ1964 ወጥቶ ነበር። የፔጅና የብሪን ብልሃት ግን ጠቋሚዎቹን ከመቁጠር አልፎ መመዘናቸው ነው።

ነገሩን በዋስ አስቡት። ባንክ ወይም ቀጣሪ ዋስ አምጣ ሲል ሁለት ነገር ያያል፦ ዋሱ ራሱ ማን ነው? ለስንት ሰውስ ፈርሟል? ደህና ደመወዝ ያለው፣ ለአንድ ሰው ብቻ የፈረመ ዋስ ከባድ ነው። ለመቶ ሰው የፈረመ ዋስ ፊርማው ለእያንዳንዱ የሚያደርሰው ትንሽ ነው። የዋሱ ደህንነት ደግሞ ሌሎች ስለ እሱ በሚሉት ይለካል፤ እነዚያም በሌሎች። ማለቂያ የሌለው የሚመስለውን ይህን ጥያቄ ቀመሩ እየዞረ፣ እየዞረ ይፈታዋል።

በሦስት ገጾች ብቻ እንሞክረው። ስማቸውን ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ እንበላቸው። ሰበታ ወደ ቡራዩም ወደ ሱሉልታም ትጠቁማለች፤ ቡራዩ ወደ ሱሉልታ ብቻ፤ ሱሉልታ ወደ ሰበታ ብቻ። ገጾቹን ያለ ዕረፍት የሚያስስ አንድ ሰው አለ እንበል፤ ከመቶ 85 ጊዜ ሊንክ ተከትሎ ይሄዳል፣ 15 ጊዜ ሰልችቶት ከሦስቱ አንዱ ላይ በዕድል ይወድቃል። ይህች 0.85 ፔጅና ብሪን ራሳቸው የተጠቀሙባት ቁጥር ናት። ለሦስቱም እኩል፣ ከመቶ 33 ከሲሶ፣ ሰጥተን እንጀምር። በመጀመሪያው ዙር ሱሉልታ ወደ 47.5 ትወጣለች፤ ሰበታ ባለችበት ትቆማለች፤ ቡራዩ ወደ 19.2 ትወርዳለች። በሁለተኛው ዙር ሱሉልታ ያገኘችውን ለሰበታ ስለምታስተላልፍ ሰበታ 45.4 ትሆናለች፤ ሱሉልታ ወደ 35.5 ትመለሳለች። እንዲህ እያወዛወዘ፣ ውዝዋዜው እያነሰ ሄዶ ይረጋል፦ ሱሉልታ 39.7፣ ሰበታ 38.8፣ ቡራዩ 21.5።

አሁን ሰበታንና ቡራዩን አስተያዩ። ሁለቱም ያላቸው ገቢ ሊንክ አንድ አንድ ብቻ ነው። ሰበታ ግን የቡራዩን እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው አገኘች። ለምን? የሰበታ ብቸኛ ሊንክ የመጣው በሌሎች ከተከበረችው ከሱሉልታ፣ ያውም ሳይከፋፈል ነው። የቡራዩዋ ብቸኛ ሊንክ ከሰበታ የመጣች ግማሽ ናት። የሊንክ ቁጥር ብቻውን ምንም እንደማይናገር ከዚህ በላይ በግልጽ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። ፔጅና ብሪን ይህንኑ ስሌት በ322 ሚሊዮን ሊንኮች ላይ ሲሠሩት በ52 ዙር ገደማ ረግቶላቸዋል። በወረቀትና በእርሳስ ሦስት ገጽ ያሰላ ሰው ይህ ምን ያህል የሚያስደንቅ ቁጥር እንደሆነ ይገባዋል፤ ሊንኩ ሰማንያ ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይበዛል፣ የዙሩ ቁጥር ግን ሃምሳ ገደማ ብቻ ነው።

የዛሬው ጎግል ከዚያ ቀመር በላይ ብዙ ነገር ይመለከታል። ሊንክ ግን ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ ሆኖ ቀጥሏል፤ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት ይህን ያህል የሚደክመውም ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት «ይህን ሊንክ እንደ ምስክርነት አትቁጠሩት» የሚል ምልክት በሊንክ ላይ ማድረግ እንዲቻል ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ጎግል ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ ሲለቅ በተገዛና በተፈበረከ ሊንክ ቀድመው ይወጡ የነበሩ ብዙ ድረ ገጾች ወደ ታች ወረዱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፍሎበት ለተቀመጠ ሊንክ የተለየ ምልክት ተጨመረ። ዛሬም ግን ሊንክ በጅምላ እንሸጣለን የሚሉ አሉ። ስለ ምንም የማይናገሩ ገጾች ላይ፣ ማንም አንባቢ በማይደርስበት ጥግ የሚለጠፉ ሊንኮች ናቸው። በዚህ ላይ ገንዘብ የሚያወጣ የቡራዩ ወይም የሱሉልታ ነጋዴ ያሳዝነኛል፤ በዚያው ገንዘብ የሥራውን አሠራር የሚያሳይ አንድ ጥሩ ገጽ ማሠራት ይችል ነበር፤ ሰው የሚጠቁመው ደግሞ እንዲህ ዓይነት ገጽ ሲያገኝ ነው።

ዊኪፔዲያም ወደ ውጭ በሚወስዱ ሊንኮቹ ላይ ያንን «አትቁጠሩት» የሚል ምልክት ያደርጋል። እንዲህ ከሆነ ጥቅሙ ምንድን ነው የሚሉ አሉ። ሰው ይመጣበታል! ስለ ሱሉልታ አንብቦ፣ ጉዳዩ አስጨንቆት፣ በሊንኩ የመጣ ሰው በማስታወቂያ ተጎትቶ ከመጣ ሰው የተለየ ነው። ይቆያል፣ ያነብባል፣ ጋዜጠኛ ወይም ተማሪ ከሆነም ነገ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ የራሱን ሊንክ ያስቀምጣል። ያኛው ሊንክ ምልክት የለበትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰበታንና ቡራዩን ስመለከት ሁለቱም ከውጭ የሚታዩት በጣት በሚቆጠሩ ነገሮች ነው። ሰበታን ዓለም የሚጠራት በባቡሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የጂቡቲ መስመር የሚነሣው ከሰበታ ነውና ስለ መስመሩ የተጻፈ ሁሉ ስሟን ያነሣል። የንግድ ጋዜጦች በሜታ አቦ ቢራ ያውቋታል፤ ዲያጆ እ.ኤ.አ. በ2012 ፋብሪካውን በ225 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ ዜናው ብዙ አገር ደርሷል። የዓሣና የሐይቅ ተመራማሪዎች ደግሞ እዚያ ባለው ብሔራዊ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ያውቋታል፤ በምርምር ጽሑፎቻቸው ራስጌ ላይ የማዕከሉን ስም ሲጽፉ ሰበታንም ይጽፋሉ። እኔ ከሦስቱ ይህንን የመጨረሻውን አከብረዋለሁ። የባቡሩና የቢራው ዜና በአንድ ወቅት ጎርፎ የቆመ ነው። የምርምር ጽሑፍ ግን ሌላ ምርምር ሲጠቅሰው፣ ያም በሌላ ሲጠቀስ፣ ከዓመት ዓመት ሊንክ እየወለደ ይሄዳል፤ አድራሻውም የመጽሔቱ ድረ ገጽ ቢለወጥ እንኳ እንዳይጠፋ ተብሎ የተሰጠ ቋሚ ቁጥር አለው።

በአምቦ መንገድ ላይ ያለችው ቡራዩ በገፈርሳ ግድብ ትታወቃለች፤ ግድቡ ለአዲስ አበባ ውኃ ከሚያጠጡ ቀደምት ግድቦች አንዱ ነው። ከግድቡ ወዲያ ግን የቡራዩ ብረት ሠሪ፣ አናጺ፣ ሸማኔ በድር ላይ የለም ማለት ይቻላል። ስለ እነሱ አይወራም ማለት አይደለም፤ ይወራል። የሚወራው ግን በቴሌግራም ቡድንና በፌስቡክ አስተያየት ውስጥ ነው። የተዘጋ ቡድን ውስጥ የተባለውን የፍለጋ ሞተር አይሰማም። «እገሌ ጋ ሂድ፣ በሩን እንደ ሥዕል ነው የሚሠራልህ» የተባለለት ሰው ምስክርነቱ በማግስቱ በሌላ ወሬ ተሸፍኖ ይቀራል። ያንኑ ቃል አንድ ሰው ክፍት በሆነ ገጽ ላይ በስሙና በሥራው ቢጽፈው ለዓመታት ይሠራል።

ሦስቱ ከተሞች እርስ በርስ አለመጠቋቆማቸውም ያስቆጨኛል። አዲስ አበባን ከበው ተቀምጠዋል፤ የየራሳቸው ገጾች ግን እኔ እንደማየው ዘወትር የሚያዩት ወደ መሀል ነው። የሱሉልታ ማረፊያ እንግዳውን ወደ ገፈርሳ ዳርቻ ቢልክ፣ የቡራዩ አናጺ ብረቱን የሚሠራለትን የሰበታ ወርክሾፕ በስሙ ቢጠራ፣ የሦስቱም ገጽ ይጠቀም ነበር፤ ከላይ ያሰላናት ትንሽ ሒሳብ እንዳሳየችው፣ የተከበረ ገጽ ለጎረቤቱ ሲሰጥ የሰጠው ተመልሶ ወደ እሱ ሊደርስ ይችላል። ይህ ግን እውነት ሲሆን ብቻ ነው የሚያምረው። እኔ አንተን፣ አንተ እኔን በሚል ስምምነት የተቀመጠ ሊንክን አንባቢው ወዲያው ያውቀዋል፤ ጎግልም ከመጠን ሲያልፍ እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም መጠገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከለገጣፎ ለገዳዲ፣ ከገላንና ከኮዬ ፈጬ ጋር ተጠቃለው የሸገር ከተማ ተመሠረተ። ከተማ የነበሩት ክፍለ ከተማ ሆኑ፤ ገፈርሳ ጉጄም የራሱ ክፍለ ከተማ ሆነ። አስተዳደር ሲለወጥ ድረ ገጽ ይለወጣል፤ ድረ ገጽ ሲለወጥ አድራሻ ይለወጣል፤ ወደ ቀድሞው አድራሻ ለዓመታት ሲጠቁሙ የነበሩ ሊንኮች ሁሉ ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳሉ። ድሩን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1998 ጥሩ አድራሻ የማይለወጥ አድራሻ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። መለወጡ ግድ ከሆነ ግን ሥራው ይታወቃል፦ አሮጌው አድራሻ ሳይዘጋ፣ የመጣውን ሁሉ ወደ አዲሱ «ለዘለቄታው ተዛውሯል» ብሎ የሚያሳልፍ መመሪያ ሰርቨሩ ላይ ይጻፋል። ይህ ሲደረግ አንባቢውም ይደርሳል፣ የፍለጋ ሞተሩም የቀድሞውን ምስክርነት ወደ አዲሱ ገጽ ያዛውራል።

የሚያሳዝነው ብዙ ባለሙያ ሁሉንም አሮጌ አድራሻ ወደ አዲሱ መነሻ ገጽ መወርወሩ ነው። ስለ ገፈርሳ ውኃ ሊያነብ የመጣ ሰው የከንቲባ ሰላምታ ያገኛል፤ ተመልሶ ይወጣል። ጥንቁቁ ባለሙያ ግን የቆዩትን አድራሻዎች በዝርዝር ያወጣል፤ የትኞቹ ብዙ ጠቋሚ እንዳላቸው ያያል፤ የገፈርሳውን ወደ ገፈርሳው፣ የጨረታውን ወደ ጨረታው፣ የትምህርት ቤቱን ወደ ትምህርት ቤቱ አንድ በአንድ ያዛምዳል። ገጹ ጨርሶ ከጠፋ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የድር ገጾችን እየሰበሰበ በሚያኖረው በኢንተርኔት አርካይቭ ውስጥ ቅጂው እንዳለ ይፈልጋል፤ ካገኘው አንሥቶ መልሶ ያቆመዋል። ከዚያ ትልልቆቹን ጠቋሚዎች፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ ጋዜጣውን፣ የሩጫ መጽሔቱን፣ በትሕትና ጽፎ «አድራሻችን ተለውጧል፤ ሊንካችሁን ብታስተካክሉልን» ይላቸዋል። ብዙዎቹ ያስተካክላሉ፤ ሊንኩን መጀመሪያ ያስቀመጡት አንባቢያቸው እንዲደርስ ፈልገው ነበርና።